ጋሽ ግልባጭና ሰባተኛው መስኮት

በሰው አገር ያለ የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ሁሉ ፋይል ያቀፈ አንድ ጡረተኛ አለው። ከሌለው መሥሪያ ቤቱ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደርሶ የሚጠብቀው እሱ ነው። ዘበኛውን በስሙ የሚጠራው፣ የትኛው ወንበር እግሩ እንደሚወላገድ የሚያውቀው፣ የፎቶው ጀርባ ነጭ መሆኑ ቀርቶ ሰማያዊ እንደሆነ ለአዲስ መጪዎች የሚያስታውቀው እሱ ነው። ሠራተኞች ይዛወራሉ፣ አለቆች ይሻራሉ፣ መመሪያው በየወሩ ይለወጣል፤ ጡረተኛው ግን እዚያው ነው። በአገሩ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጊዜ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ይተች ነበር። በሰው አገር ግን ጡረታ ማለት አዲስ ሥራ መቀጠር ነው። የሥራ መደቡ "ባለጉዳይ" ይባላል፤ ዓመት ፈቃድ የለውም።

እናንተም አንዱን ታውቃላችሁ። የእኔው ጋሽ ግልባጭ ይባሉ ነበር።

"ይባሉ ነበር" ያልኩት በምክንያት ነው። እሳቸው ካለፉ ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ እኔም ራሴ ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያም ሆኖ አንድ ወረቀት እጄ በገባ ቁጥር ከኋላዬ ቆመው "ኮፒ አለህ?" የሚሉኝ ይመስለኛል። ሰላምታቸው እሱ ነበር። ሌላው ሰው እንደምን አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ይላል። ክቡር ጋሽ ግልባጭ ግን ከእግር እስከ ራስ ገረመም ያደርጉህና "ኮፒ አለህ?" ይላሉ። "የምን ኮፒ?" ያልክ እንደሆነ አለቀልህ፤ ቀኑን ሙሉ አትለቀቅም።

አጠር ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ግራጫ ኮት ከላያቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። በደረት ኪሳቸው ሁለት እስክሪብቶ ይይዛሉ፤ ጥቁሩ ለመሙያ፣ ሰማያዊው ለመፈረሚያ። በጎን ኪሳቸው ትንሽ ስቴፕለር አለች። በቀኝ እጃቸው ደግሞ ቡናማ የቆዳ ቦርሳ አለ፤ ከዚያ ቦርሳ ውስጥ የማይወጣ ወረቀት አልነበረም። አንዴ ሰልፍ ላይ አንዱ ለቀልድ "ጋሼ፣ የኩፍኝ ክትባት ማስረጃዎን ይዘዋል?" ብሎ ጠየቃቸው። ክቡርነታቸው ሳይስቁ ቦርሳቸውን ከፈቱና "የየትኛው ዓመት?" አሉት።

ዕድሜ ልካቸውን የመዝገብ ቤት ሰው ነበሩ። አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት፣ ከዚያ በመጡበት ከተማ ደግሞ በውሃ ድርጅቱ ሃያ ስድስት ዓመት። የከተማዋ ቧንቧ ሁሉ የት እንደተቀበረ የሚያሳየው ንድፍ በእሳቸው እጅ ነበር። አንድ መንገድ ላይ ውሃ ፈንድቶ ሰፈሩ ሲጥለቀለቅ፣ መሐንዲሶቹ ከመሮጣቸው በፊት ወደ ምድር ቤት ወርደው ጋሽ ግልባጭን ይጠይቃሉ። እሳቸውም ከመደርደሪያው ቀና ሳይሉ "ሦስተኛው ረድፍ፣ አረንጓዴው ክላሰር" ይላሉ።

እኔም ከአገር ቤት የመጣሁ ነኝ፤ ያኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ፤ የምኖረውም ከእሳቸው ሥር ባለው ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ ስማቸው እንዴት እንደወጣ የዓይን ምስክር ነኝ። የደረጃው አምፖል ተቃጠለ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ሕንፃው ጠባቂ ሄዶ "አምፖሉ ተቃጥሏል" ይለዋል። ጋሽ ግልባጭ ግን ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ጻፉ። "ጉዳዩ፦ የአምፖል መቃጠልን ስለማሳወቅ" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "ግልባጭ፦ ለሦስተኛ ፎቅ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ለአራተኛ ፎቅ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ለባለቤቴ፣ ለፋይል።" ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕንፃው ውስጥ እውነተኛ ስማቸውን የሚጠራ ሰው ጠፋ።

እኔ ሳገባም ደብዳቤ ደርሶኛል። ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ ያለህ" ሲል ከእሳቸው የመጣው "ጉዳዩ፦ ጋብቻዎን በተመለከተ በእኛ በኩል ተቃውሞ የሌለን ስለመሆኑ" የሚል ነበር። አባሪ አለው፤ አባሪው የጠረጴዛ ልብስ ነው። ደብዳቤው አሁንም ከሠርግ ፎቶዬ ጋር አለ፤ የጠረጴዛ ልብሱ ግን አልቋል።

ይህን ሁሉ ችለው የኖሩት ባለቤታቸው ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። ወፍራም ሳቅ የነበራቸው፣ በአንድ ቃል ክቡርነታቸውን ከፈረስ የሚያወርዱ ሴት ነበሩ። "እኔንም ያገቡኝ በሦስት ቅጂ ነው" ይሉናል። "አንዷ አባቴ ቤት ቀረች፣ አንዷ ይኸው እናንተን እያስተናገደች ነው፣ ዋናዋ ፋይል ውስጥ ናት።" ጋሽ ግልባጭ ይሄን ሲሰሙ ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ከጀርባው ይስቃሉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እናየዋለን።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቱ ልውሰዳችሁ። የውጭ ዜጎች አዳራሽ ሰባት መስኮቶች ነበሩት። መስኮት አንድ ፊት ለፊት ስፖንጅ ያላቸው ወንበሮች፣ የውሃ ማቀዝቀዣና ሁልጊዜ ፈገግ የሚል አንድ ሰውዬ አሉ። መስኮት ሰባት ያለው ጥግ ላይ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው፤ መቀመጫው አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ነው። ከሁለት እስከ ስድስት ያሉት መስኮቶች ለምን እንደተሠሩ አላውቅም፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ተከፍተው አላየኋቸውም። ማን የት እንደሚቆም የትም አልተጻፈም። ዘበኛው የፓስፖርትህን ሽፋን አየት ያደርግና በአገጩ ይጠቁምሃል። አገጩ ተሳስቶ አያውቅም።

ከጋሽ ግልባጭ በላይ ባለው ፎቅ፣ ፓስፖርቱ ወደ መስኮት አንድ የሚያስጠቁም አንድ መሐንዲስ ይኖር ነበር። እሱም እንደ እሳቸው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ እሱም በውሃ ድርጅቱ ያረጀ ነው። ጡረታ የወጡትም በአንድ ሳምንት ነው። በሽኝቱ ለመሐንዲሱ የግድግዳ ሰዓት፣ ለጋሽ ግልባጭ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። እሳቸው በስጦታው ከመሐንዲሱ ይልቅ ተደሰቱ፤ ሰዓት ኮፒ አይደረግም። ቅር ያላቸው በማግስቱ ነው። መሐንዲሱ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ በአሥር ደቂቃ አምስት ዓመት ተሰጠው። "ቀልጣፋ መሥሪያ ቤት ነው" አለ ደረጃው ላይ ሲያገኘን፤ "ሠራተኞቹም እንዴት ትሑት ናቸው!" ጋሽ ግልባጭ ከአራት ወር ምልልስ በኋላ አንድ ዓመት አገኙ። ከዚያች አንድ ዓመት ላይ አራቱን ወር ቀንሰውባቸዋል።

መሐንዲሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አያውቅም ነበር እንጂ። በሁለተኛው ዓመት "እኔ አብሬህ ልሂድና እንጨርሰው" ብሎ አብሯቸው መጣ። መስኮት ሰባት ሲደርሱ ሠራተኛዋ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። ለእኛ ቆማ አታውቅም። ከዚያ በጋሽ ግልባጭ ራስ ላይ አሻግራ እያየች መሐንዲሱን "ምንድነው የሚፈልገው?" አለችው።

"እሱን ይጠይቁት እንጂ" አለ መሐንዲሱ። "ቋንቋችሁን ከእኔ የተሻለ የሚችለው እሱ ነው።"

"ለእርስዎ ወንበር ይምጣ?" አለችው።

መሐንዲሱ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በማግስቱ ጠዋት ብቻውን መጥቶ ከእኛ ኋላ መስኮት ሰባት ላይ ተሰለፈ። ዘበኛው እየሮጠ መጣ፤ "ጌታዬ፣ ተሳስተዋል" ብሎ ክንዱን ይዞ ወደ መስኮት አንድ ወሰደው። መሐንዲሱ ተመልሶ መጣ። እንደገና በክብር ተወሰደ። አራት ጊዜ መጣ፣ አራት ጊዜ ተወሰደ። በአምስተኛው ፈገግተኛው ሰውዬ ባለጉዳዩ የተቸገረ መስሎት በፈቃዱ ላይ ሌላ ሁለት ዓመት ጨመረለት። ምስኪኑ መሐንዲስ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም፤ እኛ አግዳሚው ላይ በሳቅ ፈረስን።

የመስኮት ሰባት ባለሥልጣን ክብርት ወይዘሪት ነገ ነበሩ። ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን። ምን ብትጠይቃት መልሷ "ነገ" ነው። ጡረታ ለመውጣትህ ማስረጃ ትላለች። እሱን ስታመጣ ሥራ ላለመያዝህ ማስረጃ ትላለች። ያንን ስታመጣ በሕይወት ለመኖርህ ማስረጃ አምጣ ትላለች። ጋሽ ግልባጭ ለዚህኛው ሐኪም ቤት ሄደው አስመርምረው፣ መኖራቸውን በማህተም አስረጋግጠው መጡ። አየችውና "ይሄ ያለፈው ሳምንት ነው፤ ዛሬ መኖርህን በምን አውቃለሁ?" አለቻቸው። በአገሬው ቋንቋ እንደኛው "አንተ" እና "እርስዎ" አለ። ለስልሳ ሰባት ዓመት አዛውንት "አንተ" ነበር የምትለው። እሳቸው ግን ልጃቸውን ለምታክል ሴት "እርስዎ" ማለታቸውን አንድ ቀን አላጓደሉም።

እኔ ይሄን አልቻልኩም። አንድ ቀን ጉዳዬ ለአምስተኛ ሳምንት "ነገ" ሲባል በመስኮቱ ላይ ጮህኩ። ያልተናገርኩት አልነበረም። ተመልሼ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ከበሬታ ጠብቄ ነበር። ጋሽ ግልባጭ ግን መነጽራቸውን አውልቀው በመሀረብ እየጠረጉ፣ "ጨረስክ?" አሉኝ።

"ጨረስኩ።"

"ቁጥሩ ስንት ነው?"

"የምኑ?"

"የጩኸትህ። መዝገብ ላይ ገቢ ሆኗል? አልሆነም። ነገ እዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ዛሬ መበደልህን ከየት ያውቃል? ጻፍ። ቀን አድርግበት። ኮፒውን ያዝ።"

"ጋሼ፣ እርስዎ አይናደዱም? ይቺ ልጅ እኮ እንደ ዕቃ ነው የምታይዎ።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ ያን ጊዜ ያልጠበቅኩትን ነገሩኝ።

"አገር ቤት መስኮት ላይ ነበርኩ" አሉ። "ከውስጥ በኩል። አሥራ አንድ ዓመት። ስንቱን ሰው ነገ እንዳልኩ ብነግርህ ከአጠገቤ ትነሣለህ። አንዲት እናት ነበሩ፤ የሟች ባላቸውን የሥራ ዘመን ማስረጃ የሚፈልጉ። ከሩቅ ነው የሚመጡት። ነገ እላቸዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ይሄዳሉ። ስድስት ጊዜ መለስኳቸው።"

"ፋይሉ ጠፍቶ ነው?"

"የት ይጠፋል! የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነበር። መሳቢያው ሲስቡት ይጠብቃል፤ ጎንበስ ብሎ መሳቡ ታከተኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።" ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። "በሰባተኛው አልመጡም። መሳቢያውን ስቤ አወጣሁላቸውና ጠበቅኳቸው። ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ነው ለሰው ሁሉ ግልባጭ የምሰጠው። ወረቀቱ በእጁ ያለ ሰው ላይ እንደኔ ያለው አይጫወትበትም።"

ከዚያ ቀን በኋላ ስማቸውን ስጠራ መሳቄን ቀነስኩ። አልተውኩም፤ ቀነስኩ።

በአራተኛው ዓመት እትዬ ታመሙ። ኩላሊታቸው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄደው ደማቸው በማሽን እየታጠበ ይመለሳሉ። ያ ወፍራም ሳቅ ቀጠነ። ክንዳቸው ላይ ፋሻ አይለይም፤ ደረጃውን በሁለት እረፍት ይወጣሉ። ሆስፒታሉ የሚያስተናግደው በሕክምና ካርድ ነው፤ ካርዱ የሚታደሰው በመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ የእትዬ ፈቃድ ያለው በጋሽ ግልባጭ ፋይል ውስጥ ነው። የሆስፒታሉ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ፈቃዱ ካለቀበት ቀን በኋላ አንድም ቀን ማስተናገድ እንደማትችል እያፈረች ነግራቸዋለች። ጋሽ ግልባጭ ይህን ያውቁ ነበርና ቀኑ ሳይደርስ በፊት ማመልከቻቸውን አስገቡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወይዘሪት ነገ "ፋይልህ የለም" አለቻቸው።

ሰው ቤቱ ሲቃጠል እንኳ እንዲህ አይደነግጥም። ፋይል መጥፋት ማለት ለእሳቸው ፀሐይ ሳትወጣ መቅረቷ ነው። ቦርሳቸውን ከፈቱ። የማመልከቻው ኮፒ፣ የደረሰኙ ኮፒ፣ ደረሰኙ የተቆረጠበት ገጽ ኮፒ፣ ሁሉም አለ። አንድ በአንድ በመስኮቱ ሥር አሳለፉላት። እሷም አንድ በአንድ መለሰችላቸው።

"ኮፒ አንቀበልም። ዋናው ፋይል ነው የሚያስፈልገው።"

ያን ቀን ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሁሉ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ሄዱ። ዕድሜ ልካቸውን ያመኑበት ነገር በመስኮት ሥር ተመልሶላቸዋል።

የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነበር። ፈቃዱ የሚያልቀው ያን ዕለት ነው፤ እትዬ ለእጥበት የሚቀርቡት በማግስቱ አርብ ጠዋት ነው። መስኮት ሰባት ሐሙስ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ እስከ ሰኞ አይከፈትም። "ባለጉዳይዋ በአካል ትቅረብ" ስለተባለ እትዬም መጥተው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሸፍነዋል፤ ከሽፋኑ በላይ የሚታየው ዓይናቸው ደክሟል። አግዳሚው ሙሉ ነበር። ፋይላችሁ የለም የተባልነው ብዙ ነን፤ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የግድግዳና የጣሪያ ለሳኝ አሉበት፤ የእኔም ጠፍቷል። በየቀኑ መጥተን እንቀመጣለን፤ ሌላ የት እንሄዳለን?

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ጋሽ ግልባጭ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ተከተልኳቸው።

"የለም አልኩህ እኮ" አለች ወይዘሪት ነገ ቀና ሳትል።

"ስለ ፋይሉ አይደለም የመጣሁት" አሉ ቀስ ብለው። "የታችኛው መሳቢያ ይጠብቃል?"

ቀና አለች። "ማን ነገረህ?"

"ከላይ ሞልቶ ሲታጨቅ ፋይሉ ከኋላ ሾልኮ ይወድቃል። መሳቢያውን ከሐዲዱ ሙሉ በሙሉ ካላወጡት አይታይም። ጎንበስ ብሎ መሳብ ደግሞ ያታክታል። አውቀዋለሁ፤ እኔም ታክቶኝ ያውቃል።"

ነገሩን ሲናገሩ ወቀሳ አልነበረበትም። እንደዚያ ባይሆን ኖሮ መስኮቱን ትዘጋው ነበር። ዓይኗ በእሳቸውና በእትዬ መካከል ተመላለሰ። ተነሥታ የጎኑን በር ከፈተች።

"ይግቡ" አለች።

ጋሽ ግልባጭ ኮታቸውን አውልቀው አጥፈው ለእኔ ሰጡኝ። ኮቱን ከላያቸው ወርዶ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በመስኮቱ ቀዳዳ ተኮልኩለን እናያቸዋለን። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተንበረከኩ፤ መሳቢያውን ሳቡት፣ አነቃነቁት፣ ወደ ላይ ቀና አድርገው ከሐዲዱ ነቀሉት። ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ከተቱ። አቧራ እያስነጠሳቸው አንድ ፋይል አወጡ። ሌላ አወጡ። ሌላ። አግዳሚው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። በመጨረሻ አሥራ ሦስት ፋይል ወለሉ ላይ ተደረደረ። ከአንዱ ላይ የእኔ ፎቶ፣ ጀርባው ነጭ የሆነው፣ ያየኛል።

ሰዓቱ ለስድስት ሃያ አምስት ጉዳይ ነበር። ወይዘሪት ነገ አንድ ፋይል ለመጨረስ ብትፈጥን አምስት ደቂቃ ይፈጅባታል። ጋሽ ግልባጭ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፤ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ እንደተንበረከኩ ፋይሎቹን በገቡበት ቀን ተራ መደርደር ጀመሩ። ከሁሉ በፊት ያስገባው የታክሲው ሹፌር ከላይ፣ ከዚያ ነርሷ፣ ከዚያ ለሳኙ፣ አራተኛ እኔ፣ እያሉ ሄዱ። የራሳቸውን፣ ከሁሉ በኋላ የገባውን፣ ከሁሉ ሥር አደረጉት። ክምሩን አስተካክለው ጠርዙን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት።

ወጥተው ከባለቤታቸው አጠገብ ሲቀመጡ እትዬ ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ።

"ከላይ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ ነው።

"ከላይ ሰው አለበታ" አሉ ጋሽ ግልባጭ። እጃቸውን በፋሻው ክንድ ላይ አደረጉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው እየቀደማቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ለመቅደም ሁሉም ነገር በእጃቸው ነበር።

"ጋሼ፣ እንለዋወጥ፣ ይቅደሙ" አልኳቸው።

"አርፈህ ተቀመጥ" አሉኝ። "መዝገብ ነው፤ ገበያ አይደለም።"

ወይዘሪት ነገ የላይኛውን ፋይል ከፈተችና ስም ጠራች። ሹፌሩ ነው። ስለ ተራ ሲጣላ የሚውል፣ በክርኑ የታወቀ ሰው ነው። ብድግ ሊል ጀመረ፤ ግማሽ ድረስ ተነሣ። ከዚያ እትዬን አየ። ተመልሶ ተቀመጠና የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ሁለተኛ ጠራችው። ክሩን ማሰር ጀመረ። ፋይሉን ወደ ጎን አደረገችው።

ነርሷን ጠራች። ነርሷ ቦርሳዋ ውስጥ አንገቷን ቀብራ የሆነ ነገር ትፈልጋለች። ለሳኙን ጠራች። ለሳኙ ለሙያው ይመስላል ጣሪያውን ይመረምራል።

አራተኛው የእኔ ስም ነበር። ሰባት ሳምንት የጠበቅኩት ስም ነው። ወይዘሪት ነገ ጠርታ ቀጥ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ያን ሁሉ የጮህኩባት እኔ ነኝና መልኬን መቼም አትረሳውም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ተናግሬአለሁ፤ ከተናገርኩት ሁሉ ግን ዛሬ ድረስ የምኮራው በዚያች ዝምታ ነው። ፋይሌን አንስታ ከሦስቱ ላይ ጨመረችው። እንዲህ እያለች አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ጠራች። የሚያስል አለ፣ ያንቀላፋ የመሰለ አለ። አሥራ ሁለት ስም ተጠራ፤ አሥራ ሁለት ሰው ጠፋ። ለአንድም ሰው "ነገ" አላለችም።

"አቤት!" አሉ ጋሽ ግልባጭ አሥራ ሦስተኛው ስም ሲጠራ፤ እንደ ተማሪ ዘለው ተነሡ። እትዬን ደግፈው መስኮቱ ጋ ደረሱ። ማህተሙ ሲያርፍ ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ሁለት ጊዜ መታች፤ አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የእትዬ።

የእኔ ፈቃድ የታደሰው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። እትዬ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረዋል፤ ሳቃቸውም ትንሽ ተመልሶ ነበር። ሁለቱም ከሄዱ ወዲህ በዚያ ደረጃ ስወጣና ስወርድ እንደሚናፍቁኝ ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው አሁን ጻፍኩት።

ያን ቀን ግን አመሰግናለሁ የሚል ደብዳቤ የጠበቀ ካለ ክቡር ጋሽ ግልባጭን አያውቃቸውም። ፈቃዱን ይዘው ከመስኮቱ ሲዞሩ አግዳሚው ላይ ያለነውን ሁሉ በቁጣ ገረመሙን።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!" አሉ። "ሰው ስሙ ሲጠራ አይሰማም? አሥራ ሁለት ሰው! አሥራ ሁለት ሰው ሲጠራ የማይሰማበት አገር አይቼ አላውቅም! እንግዲህ ነገ ፋይሌ ጠፋ ብላችሁ..."

እትዬ ክንዳቸውን ያዙ።

"ይተዋቸው እንጂ" አሉ። "ሰምተዋል።"

ጋሽ ግልባጭ አፋቸውን እንደከፈቱ ቆሙ። አንድ በአንድ አዩን፤ ሹፌሩን፣ ነርሷን፣ ለሳኙን፣ እኔን። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በመሀረባቸው መጥረግ ጀመሩ።